ውሃ ልክ ሆቴል ሲመርጥ

«ሰው ሆቴል ሲመርጥ አልጋ ያያል፣ መዋኛ ያያል፣ ቁርሱ ስንት ዓይነት ነው ይላል። አንተ ግን ስልኬን በሁለት ጣትህ እየበረገድክ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ታፈጣለህ። ምን ጠፍቶብህ ነው? ቀለበት?»

ሚስትየው ይህን ያለችው ቆማ ነው። ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ቆማ ትውላለች፤ ቤቷ ገብታ ስትቆጣም ቆማ ነው። ተቀምጦ መቆጣት አይሆንላትም። ባልየው ደግሞ ሶፋው ጥግ ተወሽቆ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሆቴሉን በጣቱ ከወዲህ ወዲያ ይጎትታል።

«ይኸውልሽ፣ ቁራጩን ሴራሚክ በር ሥር ነው ያዋሉት» አለ ረጋ ብሎ። «ቁራጭ በር ሥር የሚያውል ሰው አንሶላም አያጥብም።»

«እና?»

«እናማ ይቅር።»

ይቅር የተባለው ሆቴል ቁጥሩ ከጣት አልፏል። አንዱ የሴራሚኩ መጋጠሚያ መስመር እንደ እባብ ተጣሟል ተባለ። ሌላው ወደ ጥግ ሲሄድ ይዘነብላል ተባለ። አንዱማ፣ ባለ ስድስት መዋኛ፣ ትልቋ ልጅ አይታው እጇን አፏ ላይ የጫነችለት ሆቴል፣ «ደረጃው ላይ ያለው ሴራሚክ ባዶ ነው» ተብሎ ቀረ። ከሥሩ ሲሚንቶ በደንብ አልገባም ለማለት ነው። ይህን ከፎቶ እንዴት እንዳወቀ የጠየቀው የለም። ቢጠየቅ ያስረዳል፤ ሲያስረዳ ደግሞ ይመሻል።

ሰውየው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል። ውሃ ልክ እንግዲህ ያቺ መሃሏ ላይ አረፋ ያለባት፣ ወለል ይዘንብል አይዘንብል የምትናገር መሣሪያ ናት። እሱ ያለ መሣሪያ በዓይኑ ስለሚለካ ነው ስሙ የወጣለት። ሰው ቤት ሲጋበዝ ወንበር ከመያዙ በፊት ወለሉን በተረከዙ ኳ ኳ ያደርጋል። ከዚያ ፊቱን ያጨማድዳል። ባለቤቶቹ ሆዱን ያመመው መስሏቸው ሙቅ ውሃ ያመጡለታል።

መጥፎ ሰው ግን አይደለም። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ እጁ አይሰነዘርም። ያለው ጥፋት አንድ ነው፤ እቤት የለም። ወለል የሚነጠፈው ሌላው ሰው በማይራመድበት ጊዜ ነው፤ ሌላው የማይራመደው ደግሞ በእረፍት ቀን ነው። ስለዚህ ልጆቹ እረፍት ሲሆኑ አባትየው ሥራ ነው። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚሄደው አጎታቸው ነው፣ የሚስትየው ወንድም፣ ታክሲ ነጂው። ልደት ላይ ፊኛ የሚነፋው እሱ። ፎቶ ላይ ትንሹን ልጅ ትከሻው ላይ ያስቀመጠው እሱ።

ነገሩ የከረረው ትንሹ ልጅ ክፍል ውስጥ «ቤተሰባችሁን ሳሉ» የተባለ ጊዜ ነው። እናቱን ሳለ፣ እህቱን ሳለ፣ አጎቱን መሃል አቆመ። ከወረቀቱ ዳር፣ በር አጠገብ፣ የአንድ ሰው ጀርባ ሳለ። መምህርቷ «ይሄስ ማነው?» ብትለው «አባዬ ነው፣ እየወጣ ነው» አላት። መምህርቷ ሥዕሉን ለእናቱ ስታሳያት ሳቅ እያነቃት ነበር። እናትየው አልሳቀችም። ያን ቀን የአንድ ባለሥልጣን ሸሚዝ አንገቱ ላይ አሳረረች።

ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ ሙሉ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ልጆቿ ከአባታቸው ጋር ይዋሉ። ቦታውን መርጣለች፤ ትልቁ መዝናኛ ፓርክ። ባቡሩ ጭልጥ ብሎ የሚወርድበት፣ ሰማይ ጠቀሱ ጎማ የሚሽከረከርበት። ፓርኩ አጠገብ ርካሽ ማደሪያ ሞልቷል። እሷ ግን የቅንጦቱን ሪዞርት ነው የፈለገችው፤ በእብሪት አይደለም። ባሏን ታውቀዋለች። ርካሽ ቦታ ከገቡ ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ይነቃነቃል፣ እሱም «መጣሁ» ብሎ ይቀራል። የሚጠገን ነገር የሌለበት ቦታ ያስፈልጋታል። ውዱን የመረጠችው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ታስራ የቀረችው። «ወለሉን ተወውና ተኛበት» ልትለው አትችልም። እሱ የጠላውን ወለል ከመረጠች፣ ቀኑ እዚያ ወለል ላይ ያልቃል። እሱ እስኪወድ መጠበቅ አለባት። እሱ ደግሞ አይወድም።

ቦታ የምትይዝላቸው የጉዞ ቢሮ ልጅ ደውላ ደውላ ሰለቻት። «እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች አንድ ቀን፣ «ባለቤትዎ ሆቴሉን የሚፈልጉት ለማደር ነው ወይስ ለመግዛት?»

ወንድምየውም የሚስቅበት ነገር አገኘ። መጥቶ ሶፋው እጀታ ላይ ይቀመጥና «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ይላል። «አንቺ እህቴ፣ ስጪኝ ልጆቹን፣ እኔ ልውሰዳቸውና ተገላገሉ። አማቼ እዚህ ተቀምጦ የስልክ ወለል ይጥረግ።»

«አንተ አርፈህ መኪናህን ንዳ» አለችው። «ልጆቹን አንተ ልትወስድማ ከሆነ፣ አባት ምን ያደርግላቸዋል?»

«ቤት ኪራይ ይከፍላላ» አለ ባልየው ከስልኩ ቀና ሳይል። የሰማም አይመስልም ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ትንሽ ሲቀር፣ ውሃ ልክ ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ሲቀመጥ አይታው ስለማታውቅ መርዶ የተነገረው መሰላት።

«ነይ እስቲ እዪ» አላት። ድምፁ ቀጥኗል። «እዪ መጋጠሚያውን። ከዚህ በር ተነስቶ እዚያ መስኮት ድረስ፣ አንዲት ፀጉር ታህል አይዛነፍም። የሰው እጅ እኮ እንዲህ አይሠራም።»

አየች። ሰፊ ሎቢ ነው፤ ነጭ ወለል፣ በመስታወት የሚገባ ፀሐይ፣ ጥግ ላይ የቆመ ዛፍ። ለእሷ ወለል ነው። የእሱ ዓይን ግን ውሃ ሞልቷል።

ትልቋ ልጅ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና «አባዬ፣ ሰው የለበትም እኮ» አለች።

«ሰው ካለበት ወለሉ አይታይማ።»

«ጥላም የለውም ዛፉ።»

«አንቺ ዛፍ ልታዪ ነው የምትሄጂው?»

እናትየው ልጅቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ ዝም በይ ለማለት። ሰውየው አንዴ ወዷል። በወደደበት ቅጽበት ካልተያዘ ነገ እባብ ያይበታል። እዚያው ቆማ ለጉዞ ቢሮዋ ልጅ ደወለች። ልጅቷ በስልክ ውስጥ «ተመስገን» ያለችው ለሷ አልነበረም፣ ግን ተሰማ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

አውቶቡሱ ሪዞርቱ በር ላይ ሲያወርዳቸው መጀመሪያ ያዩት ያን ፎቶ ነው። ፎቅ የሚያክል ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ነጩ ወለል፣ ፀሐዩ፣ ጥላ የሌለው ዛፍ። ከሥሩ «በቅርብ ቀን» ይላል። ከሰሌዳው ኋላ ደግሞ ወለሉ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ሕንፃ ቆሟል፤ በር የለውም፣ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ጥርሷ ሁሉ ፈገግታ ነው። «አዲሱ ሕንፃ ገና ነው እመቤት። እናንተ ነባሩ ሕንፃ ውስጥ ናችሁ፤ እሱም በጣም ቆንጆ ነው። ፎቶው ወደፊት ምን እንደሚመስል ለማሳየት በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ከሥሩ ተጽፏል እኮ።»

«ወለሉም?» አለ ውሃ ልክ።

«ሁሉም፣ ጌታዬ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም ያለው እውነቱን ነበር።

ሚስትየው ልትስቅበት፣ ልትሰድበው፣ ባገር በሰፈር ልታወራበት ይገባት ነበር። ጊዜ አላገኘችም። ከላስቲኩ ኋላ የሴራሚክ መቁረጫ ማሽን ዚር ብሎ ጮኸ፤ እሷ ደግሞ የባሏን ጆሮ አየችው። ጆሮው ወደዚያ ዞረ። ውሃ የጠማው በቅሎ ወንዝ ሲሰማ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

«ስማኝ» አለችው ሻንጣውን ሳታወርድ። «ወደዚያ ሕንፃ አትሄድም።»

«ምን ሊያደርግልኝ?»

«ማልልኝ።»

«እግሬ አይረግጠውም። ልጆቼን ያሳጣኝ።»

ነባሩ ሕንፃ የተባለው እውነትም ቆንጆ ነበር። አልጋው ያሰምጣል። ፎጣው እንደ ዳክዬ ተጣጥፎ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ ትንሹ ልጅ ዳክዬው እንዳይፈታ ብሎ እጁን በመጋረጃ አደረቀ። ውሃ ልክም መታጠቢያ ቤቱን ገብቶ አየና ምንም ሳይናገር ወጣ። ለሚስቱ ይህ ጥሩ ምልክት መሰላት። አልነበረም። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፓርኩ በር ላይ ተሰለፉ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ ከወዲሁ ከርሯል። ሊደርሳቸው ሲል ውሃ ልክ አናቱን ዳበሰ።

«ኮፍያዬን ረስቼዋለሁ። ደርሼ መጣሁ።»

«ያለ ኮፍያ ግባ።»

«አናቴን እኮ ነው የሚመታኝ። ሁለት እርምጃ ነው።»

ሄደ። ሰልፉ ደረሳቸው፤ ከኋላ ያሉትን አሳልፈው ቆሙ። እንደገና ደረሳቸው፤ እንደገና አሳለፉ። ስልኩ ላይ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ትኬት ቆራጩ «እናቴ፣ ትገባላችሁ ወይስ በሩን ትጠብቁልኛላችሁ?» አላት።

ትንሹ ልጅ «ኮፍያውን እየሠሩለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ገቡ። ባቡሩ ላይ ወጡ፤ ልጆቹ ጮኹ፤ እሷም ጮኸች፤ የእሷ ጩኸት ግን ከባቡሩ ጋር አይገናኝም። ከዚያ ትልቁ ጎማ ጋ ሄዱ። ሳጥኑ አራት ሰው ይይዛል፤ ቦታ ባዶ አይሄድም ተብሎ አይስክሬም የያዘ አንድ ወፍራም ሰውዬ አራተኛ ሆኖ ተጨመረላቸው። «ቤተሰብ አበላሸሁ እንዴ?» አለ እየተጠጋጋ። «ኧረ ምንም አይደል» አለች፤ ያለ ይሉኝታ ብትናገር ሌላ ነበር የምትለው።

ጎማው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ታች ሰው እያስገቡ ነው። ከዚያ ላይ ሁሉ ነገር ይታያል፤ መዋኛው፣ መንገዱ፣ ነባሩ ሕንፃ፣ አዲሱ ሕንፃ፤ የአዲሱ አንዱ ወገን ገና ጣሪያ አልለበሰም። ትንሹ ልጅ ነው ቀድሞ ያየው።

«አባዬ ያውና» አለ።

ጣሪያ በሌለው ሎቢ መሃል አንድ ሰው ተንበርክኳል። ፊቱ አይታይም። ልጁ ያወቀው በጀርባው ነው።

ሰውየው አይስክሬሙን እየላሰ አሻግሮ አየና «ጎበዝ ሠራተኛ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሲዝናና እሳቸው ይሠራሉ» አለ። «የሚያውቋቸው ናቸው?»

ሚስትየው የሳጥኑን ብረት ጨበጠች። መውረድ አትችል፣ መጮህ አትችል፣ ሳጥኑ ወዲያ ወዲህ ይላል። በሕይወቷ ብዙ ተናዳለች፤ ተሰቅላ ስትናደድ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

እንደወረዱ ልጆቹን እየጎተተች ሄደች። ላስቲኩን ገለጠችና ገባች። ውሃ ልክ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ሲባጎ ወጥሮ፣ የጎማ መዶሻ ይዞ ሴራሚክ ያስቀምጣል። ኮፍያው አናቱ ላይ ነው። ያንን እንኳ አልዋሸም።

«እግሬ አይረግጠውም አላልክም?»

ቀና ብሎ አያት። «አልረገጥኩትም። እርጥብ ነው፣ ማንም አይረግጠውም።»

የግንባታው ፎርማን ከወዲያ እየተጣደፈ መጣ፤ ፊቱ አቧራ ለብሷል፣ ደስታውም ከአቧራው በላይ ነው። «እመቤት፣ እግዜር ነው የላከልን። አንጣፊያችን ጥሎን ሄዶ መድረሻ አጥተን ነበር። ጋሼ መጥተው ቆመው አዩን፣ ከዚያ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፣ ከዚያ ተንበረከኩ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።»

«ያነጠፉትን ብታዪው» አለ ውሃ ልክ። «እንዴት አልፌው ልሂድ? ሰው ሲወድቅ አይተሽ ታልፊያለሽ?»

«ልጆችህን አልፈህ የለም ወይ?»

ለዚህ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት፣ እንደ ዕድል ሆኖ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ገባ። ጫማው እንዳይነካ በጣውላ ላይ እየተራመደ መጣና ለሚስትየው እጁን ዘረጋላት። «ከባለቤትዎ ጋር ተስማምተናል። ሎቢውን ይጨርሱልን እንጂ የቆይታችሁን ሂሳብ ትተነዋል። ምግቡንም ጨምሮ።»

ውሃ ልክ መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሚስቱን አያት። የልጅ ዓይን ነበር፤ ጎበዝ በይኝ የሚል። «ለእናንተው ብዬ ነው» አላት። «ነፃ ሆነ እኮ።»

ምን ትበል? ነፃ ነገር ሲሰጥ ሰው ያመሰግናል። ሥራ አስኪያጁ ፊት ባሏን ማዋረድ አልሆነላትም። ልጆቹን ይዛ ወጣች።

በማግስቱም እንደዚያው ነው። ጠዋት ሲነሱ አልጋው ላይ የለም። «ቃል ሰጥቻለሁ» ብሎ ለትልቋ ነግሯት ሄዷል። እናትየው ከልጆቹ ጋር መዋኛው ዳር ተቀመጠች፤ የሰው ሸሚዝ የማትተኩስበት ቀን ነው፣ ወንበሩ ይለጠጣል፣ መጠጡ ጃንጥላ አለው። አንዱም አልጣማትም። ከላስቲኩ ኋላ መዶሻው ይሰማል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይሰለች፣ ልክ ልብ እንደሚመታ።

ትልቋ ልጅ ፀጉሯን እየጨመቀች አጠገቧ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ተይው» አለቻት። «እዚያ ነው ደስ የሚለው። ለምደነዋል እኮ።»

ልጅቷ ይህን ያለችው እናቷን ለማጽናናት ነው። ለምደነዋል የሚለውን እንኳ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። እናትየው ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ልጆቹ ቢያኮርፉ ይሻላት ነበር። ያኮረፈ ይታረቃል፤ የለመደ ግን ምን ይደረጋል?

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ባሏ ሳይነቃ ተነሳች። ልጆቹን አልብሳ ፓርኩ በር ላይ እንዲሰለፉ ላከቻቸው። እሷ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ሪሴፕሽን ወረደች።

«ሂሳባችንን አምጪልኝ የኔ እናት።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ነካካች። «ሂሳብ የለባችሁም እመቤት። ተትቷል።»

«አውቃለሁ። አንቺ ግን አምጪልኝ፣ ክፍሉንም፣ የበላነውንም፣ ጃንጥላ ያለውንም መጠጥ።»

ልጅቷ ፈገግታዋ ጠፋባት። ሥራ አስኪያጁን ጠራችው፤ መጣ። «እመቤት፣ ስምምነት አለን እኮ። ባለቤትዎ ዛሬ የመጨረሻውን ጥግ ይጨርሳሉ።»

«የሠራላችሁን ሁለት ቀን ውሰዱት፣ መርቄላችኋለሁ። ዛሬን ግን አይሠራም። ዕዳ ከሌለበት የሚያስቀረው ምንድን ነው? ያምጡልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ሊከራከር ነበር። ግን ገንዘብ ካልከፈልኩ ከሚል እንግዳ ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ ትምህርት ቤት አላስተማሩትም። ለልጅቷ ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጣት። ወረቀቱ ከማሽኑ እየረዘመ መጣ።

ይኼኔ ውሃ ልክ ወረደ። የሥራ ሱሪውን ለብሷል፣ መዶሻውን ይዟል። ሚስቱ ቦርሳዋን ስትከፍት አየና ፊቱ ደም ለበሰ።

«አብደሻል እንዴ? ሁለት ቀን በጉልበቴ የዳኸሁበትን? ጉልበቴን እዪው እስቲ፣ ቆዳው ተገፏል።»

«አይቼዋለሁ።»

«እና ታዲያ ለምን ትከፍያለሽ? ይሄ እኮ አንቺ ማታ ማታ ተጨማሪ እየሠራሽ ያጠራቀምሽው ነው።»

«አዎ፣ የኔ ነው። ቀንህን ለሆቴሉ ሸጥከው፤ እኔ መልሼ ገዛሁት። ውድ ነው፣ ግን ገዛሁት።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ እያስተካከለች ነበር፤ እንደ ሸሚዝ፣ ጠርዝ ከጠርዝ። «ልጆቹ በር ላይ ናቸው። አንተን አልጠየቁኝም። ትላንትም አልጠየቁኝም። ካላመንከኝ ሂድና እነሱን ጠይቃቸው።»

ከላስቲኩ ኋላ ፎርማኑ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ሲሚንቶው ተቦክቷል፣ ይደርቅብናል።»

ውሃ ልክ ወደ ፎርማኑ አየ። የተቦካ ሲሚንቶ ጥሎ መሄድ ለሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ከንፈሩን ነከሰ፤ ሚስቱን አየ፤ እንደገና ወደ ላስቲኩ አየ። እሷ የምትለው አልቋል። የቀራትን የመጨረሻ ኖት ከቦርሳዋ ሥር ፈልጋ አወጣችና ከላይ ጫነችው።

መዶሻውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ጫማዬን ልቀይር?» አላት።

«ቀይር።»

የሪሴፕሽኗ ልጅ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ወረቀቱ ላይ «ተከፍሏል» የሚለውን ማኅተም መታች።